«ሄክል፣ ድሬስደን» የሚል ጽሑፍ ያለበት አሮጌ ትራምፔት እጄ ገባ፤ ልወልውለው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጀርመን ነው። የምንከባከባቸው የ88 ዓመት ባልቴት የሟች ባለቤታቸውን ትራምፔት “ከእኔ በኋላ የሚነካው የለም፣ አንቺ ውሰጂው” ብለው ሰጡኝ። እኛ ከምናውቀው ትራምፔት በተለየ ወደ ላይ ወደ ታች የሚጫኑ ፒስተኖች የሉትም፤ ወደ ጎን ነው የሚያዘው፣ በጎኑም ትንንሽ ከበሮ የመሰሉ ሦስት ነገሮች አሉት። በሰፊው አፉ ጠርዝ ላይ በዞረው ነጭ ቀለበት በላቲን ፊደል “ኤፍ. አ. ሄክል፣ ድሬስደን” ተብሎ ተቀርጿል። ሰውነቱ ጠቁሯል፣ ሁለት ቦታ ተሰርጉዷል፣ ሦስተኛው ቁልፍ ጨርሶ አይንቀሳቀስም። ኢንተርኔት ላይ ስፈልገው ሄክል የሚባለው ባሱን (ረጅም የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያ) በጣም ውድ እንደሆነ አየሁ። የእኔም እንደዚያ ነው? ቀለበቱ ብር ነው? አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ማታ ማታ በባንድ ትራምፔት ይነፋል፤ ልልክለት አስቤ ነበር፤ እሱ ደግሞ “ፒስተን ይገጠምለት፣ ቫርኒሽም ይቀባ” ይላል። እናቴ በሎሚና በአመድ ብትፈትጊው ያበራል ብላኛለች። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር፤ እሱ አይቆይምና። ሎሚውንም አመዱንም ያስቀምጡ። እናትዎ የነገሩዎት ለናስ ትሪና ለድስት ክዳን ሲሠራበት የኖረ ብልሃት ነው፤ ትሪው ወፍራም ስለሆነ በየበዓሉ ቢፈተግም ችሎ ይኖራል። የዚህ ትራምፔት ሰፊ አፍ ግን በእጅ እየተቀጠቀጠ የሳሳ ቆርቆሮ ነው፤ ብዙ ቦታ ላይ ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊሜትር አይበልጥም። የሎሚው አሲድ ከናሱ ውስጥ ዚንኩን ይበላና ቀላ ያለ መዳብ ያስቀራል። አመዱ ደግሞ የደቀቀ የብርጭቆ ወረቀት ማለት ነው፤ በፈተጉት ቁጥር ጥቂት ጥቂት ናስ ይዞ ይሄዳል፤ የሄደውን ናስ የሚመልስ ጠጋኝ የለም።

አሁን ወደ ስሙ። ያነበቡት ስለ ሌላ ቤት ነው፤ ይህን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። ባሱን የሚሠራው የሄክል ቤት በራይን ወንዝ ዳር በቢብሪሽ፣ ዮሐን አዳም ሄክል ከካርል አልመንሬደር ጋር ሆኖ በ1831 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያቋቋመው ሲሆን የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያ ቤት ነው። የእርስዎ መሣሪያ የመጣው ከዚያ ርቆ በስተምሥራቅ፣ በሳክሶኒዋ ዋና ከተማ በድሬስደን፣ ከናስ መለከት ሠሪዎቹ ሄክሎች ነው። ግራ መጋባቱን የሚያባብሰው የድሬስደኑ ቤት መሥራችም ስሙ ዮሐን አዳም ሄክል መሆኑ ነው። ከእሱ በኋላ ሥራውን የያዘው ፍሪድሪክ አልቪን ሄክል ነው፤ በቀለበትዎ ላይ ያሉት ሁለት ፊደላት የእሱ ስም መነሻዎች ናቸው። በኋላ ሥራው ወደ ቪንዲሽ አለፈ፤ ስለዚህ «ቪንዲሽ፣ ድሬስደን» የሚል መሣሪያ ቢያዩ የዚያው ሙያ ወራሽ ነው። በባሱኑ ዋጋ ልብዎ አይነሳ፤ ሁለቱ ገበያዎች አይገናኙም።

ያም ሆኖ እጅዎ ያለው ተራ ነገር አይደለም። ድሬስደን ለመለከት ሠሪ ከባድ ፈተና ያለባት ከተማ ነበረች። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ዋግነር ሪየንሲ የተባለውን ኦፔራውን በ1842 ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው እዚያ ነው፤ መክፈቻው የሚጀምረው አንድ ትራምፔት ብቻውን ከዝምታ ተነስቶ በሚያወጣው፣ እየጎላ ሄዶ መልሶ በሚከስም አንድ ረጅም ድምፅ ነው። በሄክሎቹ ዘመንም የሌላው ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ የሪሻርድ ሽትራውስ ኦፔራዎች በ1905፣ በ1909 እና በ1911 የተከፈቱት በዚያው ከተማ ነው። እንዲህ ያለ ኦርኬስትራ ያለበት ከተማ የሚሠራ ባለሙያ ጉድለቱን ፊት ለፊት የሚነግረው ነፊ አያጣም። የሥራቸው ዝና ከድሬስደን አልፎ ቪየና ደርሷል፤ የቪየና ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ነፊዎች ለረጅም ዓመታት የነፉት በእነዚህ የድሬስደን ትራምፔቶች ነው። በ1970ዎቹ ያረጁትን ለመተካት ከጃፓኑ ያማሃ ጋር ተቀምጠው አዲስ ሮታሪ ትራምፔት፣ ማለትም እንደ እርስዎ ቫልቩ (ትንፋሹን የሚመራው ክፍል) እየዞረ የሚሠራ ዓይነት፣ እስከማሠራት ደርሰዋል። ነፊዎች ዛሬም ስሙን ሲሰሙ ቀና የሚሉት ለዚህ ነው።

ስም መቀረጹ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። ከድሬስደን በስተደቡብ ምዕራብ ባለው ፎግትላንድ፣ በተለይ በማርክኖይኪርሽንና በዙሪያዋ፣ መንደር ሙሉ ሰው መሣሪያ ይሠራ ነበር። አንዱ ቱቦ ያጎብጣል፣ ሌላው ቫልቭ ብቻ ይሠራል፣ ነጋዴው ሰብስቦ በፈለገው ስም ይሸጣል። ንግዱ እጅግ ከመድራቱ የተነሳ አሜሪካ በዚያች ትንሽ ከተማ ቆንስላ ከፍታ ነበር። ስለዚህ የጀርመን መለከት ላይ የሚነበብ ስም አንዳንዴ የሠሪው፣ አንዳንዴ የሻጩ ነው። ሄክል ራሱ ሠሪ ነበር፤ የታወቀ ስም ግን አስመሳይ አያጣውም። እርስዎ ቤት ሆነው የሚያዩአቸው ጥቂት ምልክቶች አሉ። ከስሙ አጠገብ «የንጉሣዊ ቤት አቅራቢ» የሚል ማዕረግ ካለ ብዙውን ጊዜ ከ1918 ማብቂያ በፊት የተሠራ ነው፤ የሳክሶኒ ንጉሥ በዚያ ዓመት ኅዳር ዙፋኑን ለቋልና። በእንግሊዝኛ «በጀርመን የተሠራ» የሚል ማኅተም ካለው ለውጭ ገበያ የተሠራ ነው፤ ይህ ልማድ የመጣው ከ1887ቱ የእንግሊዝ የንግድ ምልክት ሕግ በኋላ ነው። ከዚህ ያለፈውን፣ ማለትም ቀረጻው የማን እጅ እንደሆነና ቫልቩ ከአካሉ ጋር አብሮ የተወለደ መሆኑን፣ ፎቶ አይቶ እርግጡን የሚነግርዎ ሰው ካለ አይመኑት። እኔም አልነግርዎትም። መሣሪያው እጅ ላይ መውጣት አለበት።

ነጩ ቀለበት ብር አይደለም። ጀርመኖቹ ክራንትስ ይሉታል፣ ጉንጉን ማለታቸው ነው፤ ሥራውም የሳሳው ጠርዝ እንዳይጎብጥና እንዳይቀደድ መያዝ ነው። የተሠራበት ማዕድን «ኖይዚልበር» ይባላል፤ ትርጉሙ «አዲስ ብር» ይሁን እንጂ ውስጡ አንዲት ቅንጣት ብር የለም። መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው። ቻይናዎች ከጥንት ያውቁት ነበር፤ ኤርንስት ኦገስት ጋይትነር የተባለ ሰው በ1823 እዚያው ሳክሶኒ ውስጥ፣ ሽኔበርግ በምትባል የማዕድን ከተማ አነጠረው፤ ከናስ ይልቅ ስለሚጠነክር መለከት ሠሪዎች ለጠርዝ፣ ለቱቦ መጋጠሚያና ለቫልቭ ክፍሎች ወደዱት። በብር መወልወያ አይንኩት፤ የተቀረጸው ጽሑፍ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሰው እንደ እርስዎ ያለ ሮታሪ ትራምፔት አመጣልኝ፤ እኔ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት አንድ ወርክሾፕ በሞተር ወልውሎ ቫርኒሽ ቀብቶት ነበር። ከሩቅ ሲያዩት እንደ ወርቅ ያበራል። ጠጋ ብዬ መብራቱን ከጎን ሳበራበት የሠሪው ስም የነበረበት ቦታ እንደተላሰ ሳሙና ለስልሷል፤ ከአሥር ፊደላት አራቱ በጥፍር ሲዳሰሱ ብቻ ይታወቃሉ። ሰፊውን አፍ በሁለት ጣቴ ቀስ ብዬ ጫን ሳደርገው እንደ ወተት ቆርቆሮ እሺ አለኝ። ድምፁም ተበላሽቷል፤ በጉልበት ሲነፋ ይንቀጠቀጣል። ሰውየው መሣሪያውን ይወደው ነበር፣ ክፉ አስቦ አልነበረም። ያን ቀን ያዘንኩትን ማዘን ዛሬም አልረሳሁትም። ይህን የምነግርዎ ጥቁረቱ በሽታ አለመሆኑን እንዲያውቁ ነው። ናስ በአየርና በእጅ ላብ ይጠቁራል፣ ያ ሽፋን ከሥሩ ያለውን ይጠብቃል። የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ ሮዝ መልክ ያለው፣ ሲዳሰስ ሻካራ የሆነ ነጥብ ዚንኩ ከውስጥ እየሸሸ መሆኑን ይናገራል፤ በተለይ ማውዝፒሱ (ከንፈር የሚያርፍበት ተነቃይ ቁራጭ) የሚገባበት ቱቦ ላይ ይፈልጉት፣ ምራቅ የሚተኛው እዚያ ነው። አረንጓዴ ዱቄት ከቀለበቱ ሥር ከወጣ እርጥበት ገብቷል ማለት ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ላስጠንቅቅዎ፦ አሞኒያ ያለበት ማናቸውም ማጽጃ ከዚህ መሣሪያ ጋር አንድ ቁምሣጥን ውስጥ እንኳ አይደር። በቅጥቀጣ የተሠራ ናስ ውስጡ እንደተወጠረ ይኖራል፤ አሞኒያ ሲያገኘው ሳይነካ በራሱ ይሰነጠቃል። ይህን ዓለም የተማረው ከእንግሊዝ ጦር ነው። ሕንድ ውስጥ በዝናብ ወራት የጥይት ቀለሃዎች በፈረስ ጋጣ አጠገብ ይቀመጡ ነበር፤ ከፈረሶቹ ሽንት የሚነሳው አሞኒያ ቀለሃዎቹን ሰነጣጠቃቸው። ያረጀ መለከትም እንደዚያው ነው፤ ስንጥቁ የሚጀምረው ከጠርዙ ቀለበት ሥር፣ ዓይን ከማያየው ቦታ ነው።

ወደ ተጣበቀው ሦስተኛ ቁልፍ ልለፍ፤ እዚህ ላይ ጊዜ ወስጄ ላስረዳዎ፣ ብዙ ጥሩ መሣሪያ የሚሞተው እዚህ ነውና። ሮታሪ ቫልቭ እንደ ፒስተን ወደ ላይና ወደ ታች አይሄድም። በክብ ቤት ውስጥ የተቀመጠ፣ ሁለት መተላለፊያ የተፈለፈለበት፣ ሮተር የሚባል ጠንካራ ቁራጭ ነው፤ ቁልፉን ሲጫኑት የክብ ሩብ ይዞርና ትንፋሹን ወደ ተጨማሪው ቱቦ ይመራል። ሲለቁት ሞላው ይመልሰዋል። በቫልቭ ላይ የመጀመሪያው የባለቤትነት መብት በ1818 በርሊን ለሽቶልትሰልና ለብሉመል ተሰጠ፤ ለሮታሪው ደግሞ ዮሴፍ ሪድል በ1835 ቪየና ላይ አስመዘገበ፤ ፒስተኑ በዛሬው መልኩ የፔሪኔ ሥራ ነው፣ ፓሪስ፣ 1839። ስለዚህ ወንድምዎ እንደሚገምተው ሮታሪው የፒስተን ጥንታዊ ዘመድ ወይም ገና ያልሠለጠነ ዓይነት አይደለም። ሁለቱ እኩዮች ናቸው፤ በጀርመንና በኦስትሪያ ኦርኬስትራዎች ዛሬም በየማታው የሚነፋው ሮታሪ ነው።

በሮተሩና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ከጸጉር የቀጠነ ነው። አሥርና ሃያ ዓመት ሲቀመጥ በውስጡ የቀረው ዘይት ይደርቅና ቡናማ ሆኖ እንደ ቀዘቀዘ ማር ይይዘዋል፤ አንዳንዴም አረንጓዴ ዝገት ይጨመርበታል። ብዙውን ጊዜ ሌላ ብልሽት የለም። ቁልፉን በጉልበት አይጫኑት፤ ሮተሩ ሳይዞር ክንዱ ይጎብጣል። በፒንሳም አይያዙት። የቫልቩን ቱቦ፣ ማለትም የሚሳበውን ጉብጥ ቱቦ፣ በእጅዎ ብቻ ቀስ ብለው ይሳቡ፤ ከወጣ ለሮተር የሚሆን ቀጭን ዘይት አምስት ስድስት ጠብታ ወደ ውስጥ ያድርጉ፤ ከኋላ ያለውን ክዳን በእጅ ፈትተው በመካከሉ ባለው ዘንግ ላይ ሁለት ጠብታ፣ ከፊት ክንዱ ሥርም ሁለት። አንድ ሌሊት ያስተኙት። በማግሥቱ ይድገሙት። ሦስት አራት ቀን ሊወስድ ይችላል። የምግብ ዘይት፣ የስፌት መኪና ዘይት፣ ወይም ከሱቅ የሚገዛ ዝገት አስለቃቂ ስፕሬይ አይሁን። ቱቦው ራሱ በእጅ ካልወጣ እዚያው ይተዉት፤ በገመድ ጎትቶ ማውጣትና በእሳት ማሞቅ የጠጋኝ ሥራ ነው፣ ብየዳው በትንሽ ሙቀት ይለቃልና።

ከኋላው ክዳን ሥር ሲያዩ በዘንጉ ጫፍና በዙሪያው ባለው ሳህን ላይ እንደ ጭረት ያሉ ትንንሽ መስመሮች ያገኛሉ። እነዚህ ሮተሩ ቆሞ ሲቀርና ዞሮ ሲቆም ከመተላለፊያው ጋር መግጠሙን የሚያሳዩ ምልክቶች ናቸው። መስመሮቹ ካልገጠሙ ማቆሚያው ቡሽ ደርቆ ተሰባብሯል ማለት ነው፤ ቡሹን መቀየር ርካሽ ሥራ ነው፣ ድምፁን ግን ከምንም በላይ ያስተካክላል። እነዚያ እርስዎ ከበሮ የመሰሉ ያሏቸው ሦስት ነገሮች ደግሞ የሞላ ቤቶች ናቸው፤ በውስጣቸው እንደ ግድግዳ ሰዓት ሞላ የተጠቀለለ የብረት ጥብጣብ አለ። ብሎናቸውን በካቻቢቴ አይንኩ። ተወጥሮ ያለው ሞላ በአንድ ጊዜ ይፈታል፣ አሮጌ ሞላ ደግሞ ሲፈታ ይሰበራል፤ መለዋወጫው በእጅ ካልተሠራ አይገኝም።

ስለ ስርጉዶቹ አጭር ነው። በሰፊው አፍ ላይ ያለ ትንሽ ስርጉድ ድምፁን አይጎዳውም፤ ይተዉት። ከማውዝፒሱ ቀጥሎ ባለው ጠባብ ቱቦ ላይ ከሆነ ግን ትልቅ ጉዳት ነው፣ ይቃና። እያንዳንዱ ማቃናት ናሱን ይለጥጠዋል፤ ስለዚህ የሚቃናው የሚጎዳው ብቻ ይሁን።

ስለ ወንድምዎ። ፒስተን ይገጠምለት የሚለውን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ይተዉት። ቫልቩ ከአካሉ የሚነጠል ጫማ አይደለም። የሄክል ድምፅ ከሮተሩ አይመጣም፤ ይህም ብዙ ነፊ የሚሳሳትበት ነው። ድምፁ የሚመጣው ከቱቦው አካሄድ ነው፦ የት ላይ መስፋት እንደሚጀምር፣ ሰፊው አፍ ምን ያህል እንደሚከፈት፣ ቆርቆሮው ምን ያህል እንደሳሳ። በወንድምዎ እጅ ያለው የተለመደ የአሜሪካ ቢ ፍላት ፒስተን ትራምፔት ቱቦው በቫልቮቹ ላይ 11.66 ሚሊሜትር ገደማ ይሰፋል፤ የጀርመን ሮታሪዎች ብዙዎቹ ወደ 11 ሚሊሜትር ይጠጋሉ፣ አፋቸው ግን ሰፋ ይላል። ውጤቱ ቀስ ብሎ ሲነፋ ጨለም ያለ፣ ወፍራም፣ ከሌሎች ጋር የሚዋሐድ ድምፅ፤ ሲበረታ ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚነድድ ነው። ይህን ቆርጦ ፒስተን መግጠም ጥሩ ሮታሪ አጥፍቶ መጥፎ ፒስተን መሥራት ነው።

ለባንድ ሥራም አይመቸውም። በትዝታና በአምባሰል ነፊዎቻችን ፒስተኑን ግማሽ ድረስ ይዘው ድምፁን ያንሸራትታሉ፤ ሮተር ላይ ግማሽ ቦታ ይዞ መቆየት በጣም ያስቸግራል፣ ጉዞው አጭር ነውና። ሌላው ቅኝቱ ነው። ዛሬ የምንቃኝበት 440 ኸርዝ (ኤ የሚባለው ድምፅ በሰከንድ የሚርገበገብበት መጠን) በዓለም አቀፍ ስምምነት የጸናው በ1939 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከ1885ቱ የቪየና ጉባኤ በኋላ፣ በጀርመን ኦርኬስትራዎች የተስፋፋው 435 ነበር። ልዩነቱ የግማሽ ድምፅ አንድ አምስተኛ ያህላል፤ ከኪቦርድ ጋር ሲነፋ ጆሮ ይለየዋል። መሣሪያዎ በ435 የተሠራ ከሆነ ዋናው መቃኛ ቱቦ እስከ መጨረሻ ተገፍቶም ዝቅ ብሎ ይቀራል። ለቢ ፍላት ትራምፔት፣ አጠቃላይ ርዝመቱ አንድ ሜትር ከ48 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ለማስተካከል 17 ሚሊሜትር ያህል ማሳጠር፣ ማለትም ከመቃኛው ቱቦ ሁለት እግሮች ከእያንዳንዳቸው 8 ሚሊሜትር ያህል መቁረጥ ያስፈልጋል። አይቁረጡት። ሁለተኛ፣ አጠር ያለ መቃኛ ቱቦ ማሠራት ይቻላል፤ ዋናው ሳይነካ ሳጥኑ ውስጥ ይቆያል። መጀመሪያ ግን የመሣሪያው መሠረታዊ ድምፅ የቱ እንደሆነ ይታወቅ፤ ቢ ፍላት ሳይሆን ሲ ወይም የድሮው ረጅሙ ኤፍም ሊሆን ይችላል፤ ረጅሙ ኤፍ ቱቦው ወደ ሁለት ሜትር ይደርሳል። ቁልፍ ሳይጫን ተነፍቶ በስልክ መቃኛ መታየቱ ይበቃል፤ መሣሪያው ግን ሞቅ ይበል፣ አየሩ በአንድ ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር ቅኝቱ የግማሽ ድምፅ ሦስት መቶኛ ያህል ይወርዳል። የአዲስ አበባ ከፍታ ቅኝቱን ያበላሻል የሚባለው ግን ልክ አይደለም፤ ቅኝት የሚያዘው በሙቀት ነው።

ዋጋውን ጠይቀዋል፤ ቁጥር አልሰጥዎትም። ዋጋውን የሚወስኑት ስሙ ከአካሉ ጋር መስማማቱ፣ ናሱ ሳይሳሳ መቆየቱ፣ ሮተሮቹ አየር መያዛቸውና መሣሪያው ሳይቆራረጥ መኖሩ ነው። የአየሩን ነገር ቁልፎቹ ሲላቀቁ ራሳችሁ ትሞክሩታላችሁ፦ ቁልፉን ሳይጫኑ የቫልቩን ቱቦ በቀስታ ሲስቡት ሲወጣ «ጷ» ካለ ሮተሩ ደህና ነው፤ ዝም ካለ ተበልቷል። የተበላ ሮተር ማዕድን ተቀብቶ ከቤቱ ጋር እንደገና ሊዋደድ ይችላል፣ ይህ ግን ከቡሽ መቀየር እጅግ የሚበልጥ ወጪ አለው፤ ለዚህ ዓይነት መሣሪያ እንጂ ለተራ መለከት አላደርገውም።

ከገንዘቡ በፊት ግን አንድ ያልጠየቁኝ ነገር አለ። በጀርመን የመጦሪያ ቤት ሠራተኞች ከሚንከባከቧቸው ሰዎች ዋጋ ያለው ስጦታ እንዳይቀበሉ ሕግ ይከለክላል፤ ቤት ለቤት የሚሠሩትም ብዙውን ጊዜ በሥራ ውላቸው ይኸው ክልከላ አለባቸው። ባልቴቷ በፍቅር እንደሰጡዎት አልጠራጠርም። ሆኖም መሣሪያው ወደ ጠጋኝ ከመሄዱ በፊት ለአሠሪዎ ይንገሩ፣ ልጆች ካሏቸውም እያወቁ በጽሑፍ ይሁን። ስጦታው ሳይጸና ብዙ ገንዘብ ካወጡበት በኋላ የሚመጣ ክርክር ልብ ይሰብራል።

ስለዚህ የምመክርዎ አንድ ነው፤ አማራጭ አድርገው አይዩት። ትራምፔቱ እዚያው ጀርመን ይቆይ፣ ወደ አዲስ አበባ አይላክ፤ ለወንድምዎ በአቅም ደህና የሆነ ያገለገለ ፒስተን ትራምፔት ይግዙለት። ሄክሉን ሮታሪ ለይቶ ለሚሠራ ጠጋኝ ይዘው ይሂዱና በጽሑፍ ይህን ብቻ ይዘዙ፦ ሮተሮቹን ማላቀቅና ማጽዳት፣ የማቆሚያ ቡሾቹን መቀየር፣ የሚሳቡትን ቱቦዎች ማስለቀቅ፣ ውስጡን ማጠብ፣ ጠባቡ ቱቦ ላይ ስርጉድ ካለ እሱን ብቻ ማቃናት። መወልወል የለም፣ ቫርኒሽ የለም፣ አሲድ ውስጥ መንከር የለም፣ ቀለበቱን መንካት የለም። ጠጋኙ «ለዚሁ ብቻ ከሆነ አልቀበልም» ካለ አመስግነው ይውጡ፣ ሌላ ይፈልጉ። ሲመለስ ላዩን በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ብቻ ይጥረጉት፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው አሮጌ ስፖንጅ ወይም ሱፍ ሻግቶ ከሆነ ያውጡትና በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡት። የሚነፋው ሰው ካገኙ ይነፋ፤ ሮተር በሥራ ላይ ሲሆን ይኖራል፣ ሲተው ይጣበቃል። ብዙዎቹ አሮጌ የጀርመን ትራምፔቶች የምራቅ ማውጫ ቁልፍ የላቸውም፤ የእርስዎም ከሌለው ተነፍቶ ሲያበቃ ቱቦዎቹን አውጥቶ ማራገፍ ግድ ነው።

የቀረው ማውዝፒሱ ነው፤ በጥያቄዎ አልጠቀሱትም። የድሮ የጀርመን ማውዝፒስ እግር ከዛሬው የተለየ ስለሆነ የወንድምዎ ዓይነት ሲገባበት ወይ ይወዛወዛል ወይ ተጣብቆ ይቀራል፤ አይሞክሩት። ባልቴቷን ይጠይቁ፤ የባለቤታቸውን መሳቢያዎች፣ የኮት ኪሶች፣ የኖታ ማኅደሩን ሳይቀር ይፈትሹ። ነፊዎች ማውዝፒሳቸውን ከመሣሪያው ለይተው ኪሳቸው ውስጥ ይይዙታል፣ የሚገኘውም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ካገኙት እሱንም ሳይወለውሉ ከትራምፔቱ ጋር ለጠጋኙ ይውሰዱ።